የስኳር ታማሚ የእግር ቁስል እንዲድን ምግብንና የምግብ ማሟያን ማስተካከያ መመሪያ፦ ከዝግጅት እስከ አራተኛው ሳምንት

ይህ መመሪያ የተጻፈው የእግር ቁስል ላለባቸው የስኳር ታማሚዎችና ቤት ውስጥ ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ነው። ቁስል በምናጥብበት ክፍል አንድ ስሕተት ሲደጋገም አያለሁ፤ ቤተሰብ አቅሙ የፈቀደውን ቫይታሚን ሁሉ ገዝቶ ያመጣል፣ ታማሚው ግን በቂ ፕሮቲን አይበላም፣ ኩላሊቱ አልተመረመረም፣ በቆሰለው እግሩም እየረገጠ ይሄዳል። አንዲት እናት ከፌስታላቸው አራት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ፤ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ነበር። ጠርሙሶቹን እያዞርኩ ሳነብ ዚንክ በሦስቱ ውስጥ አለ፤ አንዱ 50፣ ሌላው 25፣ ሦስተኛው 15፣ በጠቅላላው በቀን 90 ሚሊግራም። ትናንት ምን እንደበሉ ስጠይቃቸው ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ማታም ያንኑ ነበር። ቁስላቸው ሁለት ወር ሙሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው። እንክብል አምስተኛው ደረጃ ላይ የመጣው ሆን ተብሎ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

የሚከተሉትን አንድ ቦታ ያሰባስቡ፦ የስኳር መለኪያና በቂ የመለኪያ ወረቀት፣ የሰውነት ሚዛን፣ የሴንቲሜትር ማስመሪያ፣ አንድ ደብተር። ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት፣ ቫይታሚንና የባህል መድኃኒት ሁሉ፣ ያለፈበትም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል ውስጥ ያስቀምጡ። ማሸጊያውን አይጣሉ፤ በውስጡ ያለው መጠን የሚታወቀው ከጽሑፉ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁስሉ ራሱ በትክክል እየታከመ መሆኑን ያረጋግጡ

ሐኪሙን ወይም ቁስል የሚያጥበውን ባለሙያ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁና መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፉ።

1. እግሩ ከጫና አርፏል? የስኳር ታማሚ እግር ስለሚደነዝዝ ሰውየው ሕመም ሳይሰማው በቁስሉ ላይ ይቆማል፤ ሌሊቱን የበቀለው አዲስ ሥጋ ጠዋት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ይደቅቃል። ጄሶ፣ ልዩ ጫማ ወይም ክራንች የሚያስፈልግ ከሆነ ቤት ውስጥም ጭምር መጠቀም አለበት።
2. ደም ወደ እግሩ በደንብ ይደርሳል? የእግሩ ትርታ በእጅ ካልተገኘ የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለየው የዶፕለር መሣሪያ እንዲታይ ይጠይቁ።
3. የሞተው ሥጋ ተነሥቷል? ኢንፌክሽን ካለስ መድኃኒት ተጀምሯል?

ከሦስቱ አንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ካገኘ ገንዘብዎንና ጊዜዎን በቅድሚያ እዚያ ላይ ያውሉ። ይህን የምለው የምግብ ማሟያን ለማጣጣል አይደለም። የስኳር ታማሚ እግርን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከመደበኛው ሕክምና በላይ ቁስልን ለማዳን ብሎ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ወይም ማዕድን መስጠትን አልመከረም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማም 629 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 9 ጥናቶች መርምሮ፣ ማሟያዎቹ ቁስልን ማዳናቸውን ወይም አለማዳናቸውን ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። በሌላ በኩል በ2014 በታተመና 270 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አርጊኒን፣ ግሉታሚንና ኤች ኤም ቢ የተባሉትን የያዘ ዱቄት የወሰዱት ሰዎች በ16 ሳምንት ውስጥ በጠቅላላው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላገኙም፤ የተሻለ የዳኑት አልቡሚናቸው (በደም ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት) ዝቅ ያለው ወይም ወደ እግራቸው የሚሄደው ደም ያነሰው ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ማሟያ የሚረዳው የጎደለው ሰው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የጎደለውን እንፈልጋለን።

ደረጃ 2፦ የጎደለውን በምርመራ ይለዩ

ፕሮቲን ከመጨመርዎ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም የደም ክሬያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን፣ የግድ ይደረግ። ብዙ ጊዜ የቆየ ስኳር ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ኩላሊቱ ለደከመና ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላልጀመረ ሰው የሚመከረው ፕሮቲን በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ለቁስል የሚመከረው ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ሁለቱ የሚጋጩበት ሰው ምን ያህል ይብላ የሚለውን ሐኪሙ ብቻ ይወስናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ እንዲሁም ታማሚው ሜትፎርሚንን ለዓመታት ሲወስድ ከኖረ የቫይታሚን ቢ12 መጠን ይታይ። ሜትፎርሚን የቢ12ን ወደ ሰውነት መግባት ይቀንሳል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ እግርን ያደነዝዛል፣ ሰውም «ስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ ቢ12 በምግብ ስለማይገኝ ረጅም ጾም የሚጾሙ ሰዎች ላይ ጉዳዩ ይብሳል።

ክብደቱን ይመዝኑ፤ ከስድስት ወር በፊት ስንት እንደነበረም ያስታውሱ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳያስበው ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ይህ ለሐኪም የሚነገር ነው። እግሩ ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ሚዛን ላይ የሚታየው ክብደት ውሃ ሊሆን ስለሚችል አይታመንም።

ማስጠንቀቂያ፦ አልቡሚን ዝቅ ማለቱ ብቻውን የምግብ እጥረት ማረጋገጫ አይደለም። ቁስሉ ሲያመረቅዝም፣ ኩላሊቱ ፕሮቲን ሲያፈስስም አልቡሚን ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ቀን የተበላውን ሁሉ ይመዝግቡ

ምንም ሳይቀይሩ፣ ታማሚው እንደወትሮው የሚበላውን ለሦስት ቀን በሰዓቱ ይጻፉ። «ሽሮ በላ» አይበቃም፤ ስንት ጭልፋ፣ ወፍራም ነው ቀጭን፣ ከስንት እንጀራ ጋር የሚለው ይጻፍ። ሻይ ውስጥ የገባው ስኳር፣ እንግዳ ሲመጣ የተቀመሰው ቆሎና ለስላሳም አይዘለል። ከቁርስ በፊትና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ለክተው ከምግቡ ጎን ያስፍሩ። ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለአረጋውያንና ስኳራቸው ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሳህኑን ያስተካክሉ

የበለጠ ጊዜ መስጠት ያለብዎ ለዚህ ደረጃ ነው። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ባለቁስል ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ባለሙያዎች በተለምዶ ያቅዳሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢያንስ 75 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የፍስክ ቀን ምሳሌ እነሆ። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር የሌለው ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ (ሳይበስል ተመዝኖ) 20 ግራም፣ አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ይሰጣሉ። ከእንጀራውና ከዳቦው የሚገኘው 10 ግራም ገደማ ሲታከልበት 75 ይሞላል። እዚህ ላይ ስኒ የምለው ሩብ ሊትር የሚይዘውን እንጂ የቡናውን ሲኒ አይደለም።

የጾም ቀን ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ቢሆንም ይቻላል። አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18፣ ከ60 ግራም ዱቄት የተሠራ ወፍራም ሽሮ 12፣ አንድ ስኒ የበሰለ ባቄላ 13፣ 30 ግራም የተቆላ አኩሪ አተር 11፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7፣ ትንሽ የሽምብራ ቆሎ 6፣ ከእንጀራው 10፤ በጠቅላላው 77 ግራም ይሆናል። ቀጭን ሽሮ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ በአንድ ጭልፋ ውስጥ ያለው ዱቄት ከሁለት ማንኪያ ላይበልጥ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደርሰናል። ምስርም፣ ባቄላም፣ ሽምብራም ከፕሮቲኑ ጋር ብዙ ካርቦሃይድሬት አላቸው። ወጡን ጨምረው እንጀራውን እንደነበረ ከተዉት ስኳሩ ይወጣል፣ የወጣ ስኳር ደግሞ ቁስሉን ያዘገያል። ስለዚህ ወጥ ሲጨምሩ እንጀራ ይቀንሱ፤ ግማሽ እንጀራ በብዙ ወጥ፣ ጎኑ ላይ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ ከላዩ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም። ቃሪያው ለጌጥ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ይህም ከወጡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበል ይረዳል። ከፍራፍሬ ዘይቱን፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን አንድ ጊዜ በቀን፣ በጭማቂ መልክ ሳይሆን ተበልቶ።

ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ። በጥራጥሬ ውስጥ ዚንክና ብረትን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ፤ መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ይቀንሰዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከጥድፊያው እንጀራ የሚሻለው በጣዕም ብቻ አይደለም።

ለታመመ ሰው በፍቅር የምንሠራቸው አንዳንድ ነገሮች ግን ይጎዱታል፤ ሙቅ፣ የቡላ ገንፎ በማር፣ በሶ በስኳር፣ ጣፋጭ የሆኑ የዱቄት አልሚ ምግቦች። እነዚህ በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ናቸው። ገንፎ የሚፈልግ ታማሚ ከሆነ ትንሽ የገብስ ገንፎ ከእርጎ ጋር ይስጡት፤ ማሩን ይተዉት።

ስለ ጾም፦ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ መቆየቱ አደጋ አለው፤ ከወራት የጾም ምግብ በኋላ ቁስሉ የማይገጥም ሰውም አለ። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን አታስገድድም፤ ከንስሐ አባት ጋር ሐኪሙ ያለውን ይዘው ይነጋገሩ። በረመዷንም ለበሽተኛ ፈቃድ አለ። ይህን ውይይት ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ያድርጉት።

ደረጃ 5፦ ማሟያውን ይምረጡ

በደረጃ 2 የታየውን እጥረትና በደረጃ 4 ሊሞላ ያልቻለውን ብቻ ይግዙ።

ታማሚው ምግብ በቂ ካልበላ፦ ለስኳር ታማሚ የተዘጋጀ የፕሮቲን መጠጥ ወይም ጣዕም ያልተጨመረበት የወተት ዱቄት በቂ ነው። ጽሑፉ ላይ የተጨመረ ስኳርን ይፈልጉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ይዘቶች አንዱ ስኳር ከሆነ ይመልሱት። ለስፖርተኞች የሚሸጡ፣ ክብደት ለመጨመር የተሠሩ ዱቄቶች አብዛኛውን ጊዜ በካርቦሃይድሬት የተሞሉ ስለሆኑ አይጠቅሙም።

ምግቡ የተወሰነ ዓይነት ብቻ ከሆነ፦ በቀን አንድ ተራ መልቲ ቫይታሚን። ሁለት ዓይነት መልቲ ቫይታሚን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ።

ዚንክ፦ ለአዋቂ የሚያስፈልገው በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከሁሉም ምንጭ በቀን ከ40 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ ሐኪም ካዘዘ ለአጭር ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ለወራት ሲበዛ ሰውነት መዳብ እንዲያጣ ያደርጋል፤ ይህም የደም ማነስና ተጨማሪ የነርቭ ጉዳት ያመጣል። ቀድሞውንም ለደነዘዘ እግር ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

ቫይታሚን ሲ፦ በአውስትራሊያ 16 ሰዎች ብቻ በተሳተፉበት ጥናት በቀን 500 ሚሊግራም የወሰዱት የተሻለ ድነዋል፤ ከተሳታፊዎቹ ግን ግማሽ ያህሉ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበረባቸው። አትክልትና ፍራፍሬ ለማይበላ ሰው ምክንያታዊ ነው። የኩላሊት ጠጠር ወይም የደከመ ኩላሊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች የተሳሳተ ቁጥር እንዲያሳዩ እንደሚያደርግም ይወቁ።

ቢ12 እና ብረት፦ በምርመራ እጥረቱ ሲረጋገጥ ብቻ።

አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የመሳሰሉት፦ አብሽ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ከኢንሱሊን ጋር ሲደመር ሰውን ሊጥል ይችላል። የሚጠጣ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ቁስሉ ላይ ግን ማርም ሆነ ቅቤ፣ ቅጠልም ሆነ የተፈጨ የመድኃኒት ኪኒን ቤት ውስጥ አይደረግ።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ይደልድሉ

ትክክለኛ መድኃኒትና ትክክለኛ ማሟያ በአንድ ጉንጭ ሲወሰዱ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል። ለቁስል ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ከዚንክ፣ ከብረት፣ ከካልሲየም፣ ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ እንዲሁም ከወተትና ከእርጎ ጋር ሲገናኝ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይቀንሳል። «መድኃኒቱ ጨጓራዬን እንዳይነካኝ» ብለው በወተት የሚውጡ ሰዎች ኢንፌክሽናቸው ለምን እንዳልተሻለ ግራ ይገባቸዋል።

1. ሲፕሮፍሎክሳሲኑን ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ በውሃ ብቻ ይስጡ።
2. ወተት፣ እርጎ፣ መልቲ ቫይታሚን፣ ዚንክና ብረት የሚወሰዱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ማለትም መድኃኒቱ ከተዋጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለውም ስድስት ሰዓት አስቀድሞ።
3. ይህ ካስቸገረ አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ድረስ ዚንኩንና ብረቱን ያቁሙ። ቁስል በአሥር ቀን የዚንክ መቋረጥ አይበላሽም፤ ባልሠራ አንቲባዮቲክ ግን ይበላሻል።

ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክም ከብረትና ከዚንክ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይለይ። አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት የተባለው አንቲባዮቲክ ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኢ ወይም ኬ ያለበት ማሟያ ከሐኪሙ ሳይመክር አይጀምር፤ ጎመኑንም በአንድ ጊዜ አያብዛ።

ደረጃ 7፦ በየሳምንቱ ይለኩ፣ በአራተኛው ሳምንት ይወስኑ

ቁስሉ ሲታጠብ፣ ማስመሪያው ቁስሉን ሳይነካ፣ ረጅሙን ርዝመትና ሰፊውን ስፋት ይለኩና ያባዙ። 4 ሴንቲሜትር በ3 ሴንቲሜትር 12 ይሆናል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይህንኑ ያድርጉ፤ በስልክ ፎቶ ሲያነሡ ማስመሪያውን ጎኑ ላይ ያስቀምጡ። በአራተኛው ሳምንት ቁጥሩ ቢያንስ በግማሽ መውረድ አለበት፤ 12 የነበረው ወደ 6 ወይም ከዚያ በታች። ካልወረደ ሌላ ጠርሙስ አይግዙ። ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱና ደረጃ 1 ላይ ያሉት ሦስቱ ጥያቄዎች እንደገና እንዲታዩ፣ አጥንቱም በራጅ እንዲመረመር ይጠይቁ።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ስኳሩ ከወጣ፦ የጨመሩትን ምግብ ሳይሆን ያልቀነሱትን እንጀራ መጀመሪያ ይመልከቱ። ቀጥሎ የፕሮቲን መጠጡን ጽሑፍ ያንብቡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኢንፌክሽን ይጠርጥሩ፤ የሚያመረቅዝ ቁስል ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፤ ወደ ሕክምና ይሩጡ።

ዚንኩ ካቅለሸለሸው፦ ከምግብ በኋላ ይውሰደው። ከቀጠለ ይቁም።

ጥራጥሬው ሆዱን ከነፋው፦ መጠኑን በሳምንት ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ክኩ ከሙሉው ይቀላል።

ምግብ አልበላ ካለ፦ ሦስት ትልልቅ ማዕድ ከማቅረብ ይልቅ አምስት ትንንሽ ያቅርቡ፤ ሳህኑ ላይ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን አስቀድሞ ይብላ፣ እንጀራው ቢተርፍ ይትረፍ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ የተለመደውን መጠን እንዳይወጋ ሐኪሙን ወይም ነርሷን በስልክ ይጠይቁ።

እግሩ ማበጥ፣ ሽንቱ ማነስ ከጀመረ፦ የፕሮቲን ማሟያውን ያቁሙና ኩላሊቱ በዚያው ሳምንት ይመርመር።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

በቁስሉ ዙሪያ ያለው መቅላት ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ ወይም ወደ ላይ ከወጣ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በቁስሉ ውስጥ አጥንት ከታየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረ፣ ታማሚው ከተደናገረ ወይም የሚበላውን ሁሉ ከመለሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በእግሩ አያስኪዱት። ደብተሩንና የመድኃኒቱን ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ተረኛው ሐኪም አንቲባዮቲክ ከማዘዙ በፊት ታማሚው ምን እንደሚወስድና ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልሱም እዚያ ውስጥ አለ።